ጠላትን ማን ይሠራዋል?
ጦርነትን አሳንሰው በሠሌዳ ላይ ስለሚያቆሙ ሰዎችና ስለ ወላይታ ዘመቻ

ባለፈው ክረምት ለሌላ ጉዳይ ወደ ወላይታ ወርደን ሳለን፥ ከአረካ ከተማ ብዙ በማትርቀው በዱቦ ዝናብ አግዶን ከአንድ ቤት ደጃፍ ተጠልለን ቈየን። ዱቦን ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን የሚያውቋት በካቶሊካውያን ሚሲዮን፥ በቤተ ክርስቲያኑና በሆስፒታሉ ነው፤ እኛ ግን በዚያ ቀን ያየነው ከነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ ነገር ነበር። ዝናቡ ሲያባራ አራት ልጆች፥ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፥ ከጓሮው እንሰት ሥር ተቀምጠው ከቀዩ ጭቃ ሰው ይጠፈጥፉ ጀመር። ከሰንበሌጥ ጦር አስያዟቸው፤ ለፈረሶቹም በእንጨት ስንጣሪ እግር ተከሉላቸው። ከሁሉ የሚበልጠውን ሰው ንጉሥ ነው ብለው ከአሮጌ ጨርቅ ቀይ ቁራጭ አለበሱት። ልጅቱም በእሾኽ ጫፍ ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ዓይን ወጋችለት።

በዚህ ጦር ፊት ለፊት ደግሞ ከወንዝ የተለቀመ ጠጠር በረድፍ ተደርድሮ ነበር።

«እነዚህስ እነማን ናቸው?» ብለን ጠየቅን።

«ጠላት ናቸው» አለ ታላቁ ልጅ።

«ታዲያ ስለ ምን እንደ ሌሎቹ ከጭቃ አልሠራችኋቸውም?»

ልጁም በሞኝነታችን እንደ ተገረመ ሰው ቀና ብሎ አየንና «ጠላትን ማን ይሠራዋል?» አለን። የልጆቹ አያት ከቤት ውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሮ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። ነገር ግን ቃሉ ከኛ ጋር አዲስ አበባ ድረስ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ አልለቀቀንም።

ልጆቹ ለጨዋታ ያደረጉትን ነገር በሌላው ዓለም ጠጕራቸው የሸበተ መኮንኖች፥ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ዓመታት እየፈጁ ለቤተ መዘክር ይሠሩታል። ፈረንጆች ይህን ሥራ ዲዮራማ ይሉታል። በሰፊ ሠሌዳ ላይ ኮረብታው፥ ወንዙ፥ አዝመራውና ቤቱ እንደ እውነተኛው ሆኖ በልክ ይሠራል፤ በላዩም ከቀለጠ እርሳስ ወይም ከሌላ ነገር የተበጁ ወታደሮች ይቆማሉ። በልክ ማለት፥ እውነተኛው ነገር 32 ክንድ ቢሆን በሠሌዳው ላይ አንድ ክንድ ይሆናል፤ ሰውም፥ ፈረስም፥ ዛፍም በዚያው መጠን ያንሳል ማለት ነው። ሥራው በተጀመረ ጊዜ ለትምህርትም ለመታሰቢያም አልነበረም። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የጦር ሚኒስትር ሉቮዋ ከ1668 ጀምሮ የምሽግ ከተሞችን ምሳሌ ያሠራ የነበረው፥ ንጉሡና አዛዦቹ ከቤተ መንግሥት ሳይወጡ ከበባውንና መከላከሉን ይመክሩበት ዘንድ ነው። ስለዚህም ሠሌዳዎቹ እንደ ምሥጢር ይጠበቁ ነበር። ዛሬ አንዳንዶቹ በፓሪስ በኢንቫሊድ ለሕዝብ ይታያሉ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የአገራችን ግን በዓመተ ምሕረት መሆኑን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።)

ስለዚህ ሥራ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው፥ እንደ ሐሳባችን፥ ዊልያም ሲቦርን የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን ታሪክ ነው። በ1815 በሰኔ ወር ናፖሌዎን በዋተርሎ ከእንግሊዝና ከፕሮሲያ ጦር ጋር ተዋግቶ መሸነፉን የማያውቅ የለም። ከ15 ዓመት በኋላ፥ በ1830፥ የእንግሊዝ ጦር የበላይ አዛዥ ጄኔራል ሎርድ ሂል የዚህን ጦርነት ምሳሌ በሠሌዳ ላይ እንዲሠራ ሲቦርንን አዘዘው። ሲቦርን ራሱ በዋተርሎ አልተዋጋም፤ ስለዚህም በገዛ ትዝታው ሊመካ አልቻለም። ወደ ቦታው ሄዶ፥ በጦርነቱ መካከል በነበረው ላ ኤ ሴንት በሚባለው የእርሻ ቤት 8 ወር ተቀምጦ፥ እያንዳንዱን ጉብታና ሸለቆ በገመድና በመለኪያ መሣሪያ ለካ።

ምድሩን ከለካ በኋላ ሰዎቹን ወደ መመርመር ተመለሰ። በሕይወት ለነበሩት የዋተርሎ መኮንኖች ሁሉ ደብዳቤ ላከ። ጥያቄውም የሚከተለው ነበር፦ በዚያ ቀን በአገራችን አቈጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሬጅመንትህ በየት ቆሞ ነበር? አሰላለፉስ እንዴት ነበር? በፊት ለፊትህ የነበረው የጠላት ጦር ምን ዓይነት ነበር? እንዲህ እያለ ይጠይቅና፥ አንድ ሰው ያላሰበውን ነገር ይጨምራል፤ በቆምክበት እርሻ ላይ የነበረው አዝመራ ምን ነበር? ይላል።

ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ባነበብን ጊዜ ደስ አለን። ስለ ጀግንነቱ የሚጠየቅ ሽማግሌ ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ ያወራውን፥ ወግ ሆኖ የደረቀውን ነገር ይመልሳል። ስለ አዝመራው የተጠየቀ ሰው ግን ቆም ብሎ ያስባል፤ አጃ ነበር? ወይስ ስንዴ? እስከ ጕልበቴ ወይስ እስከ ትከሻዬ ይደርስ ነበር? እያለ በልቡ ወደዚያ ቦታ ይመለሳል። ወደዚያም ከተመለሰ በኋላ ሌላው ሁሉ ይታየዋል። ሲቦርን የተቀበላቸው መልሶች በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ከነዚያም ልጁ መርጦ በ1891 በመጽሐፍ አሳተማቸው፤ ደብዳቤዎቹ ዛሬ በለንደን በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ነገር ግን ሥራው ያለ መከራ አልተፈጸመም። በ1833 መንግሥት ገንዘቡን አቆመ፤ ሲቦርንም በገዛ ገንዘቡና በብድር ቀጠለ። በ1838 ሠሌዳው ተፈጽሞ በለንደን ለሕዝብ ታየ። በላዩ የቆሙት ትንንሽ ወታደሮች ከ70,000 ይበልጡ ነበር። 100,000 ያህል ተመልካች ገንዘብ እየከፈለ እንዳየው ይነገራል፤ ለሲቦርን ግን ከዚህ ሁሉ የደረሰው ትርፍ ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

ከገንዘቡም ችግር የባሰው ሌላ ነበር። ሲቦርን የጠየቀው የገዛ ወገኖቹን ብቻ ሳይሆን የፕሮሲያን መኮንኖች ጭምር ስለ ነበር፥ በመረጠው ሰዓት የፕሮሲያ ጦር ከናፖሌዎን ቀኝ ክንፍ ጋር በብርቱ ሲዋጋ የሚያሳይ ሠሌዳ ሠራ። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ታላቁ ዱክ ዌሊንግተን ግን ይህን አልወደደውም፤ በርሱ አስተያየት ሠሌዳው ለፕሮሲያውያን ከሚገባቸው በላይ ክብር ሰጥቷል። ሲቦርን ለብዙ ጊዜ ከተከራከረ በኋላ እጁን ሰጠ፤ ከፕሮሲያ ወታደሮችም ብዙዎቹ ከሠሌዳው ላይ ተነሡ። በ1849 ሲቦርን ድካሙን ሳይካስ ሞተ። ሠሌዳው ዛሬ በለንደን በጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ይገኛል፤ የሚያየውም ሁሉ ይደነቃል፤ የተነሡትን ግን ማንም አያያቸውም።

ፍርድ እንስጥ ብንል፥ ጥፋቱ የዱኩ ብቻ አይመስለንም። የሠሌዳ ሥራ ባሕርይው ይህ ነው። ታሪክ ጸሐፊ ከጧት እስከ ማታ የሆነውን በተራ ሊነግረን ይችላል፤ ሠሌዳ ሠሪ ግን አንዲት ሰዓት መርጦ ፀሐይቱን እንደ ኢያሱ ማቆም አለበት። ያችን ሰዓት በመረጠ ጊዜ ደግሞ ለማን እንደሚፈርድ ሳይታወቀው ፈርዷል። ሲቦርን ከምሽቱ 1 ሰዓት በመምረጡ ፕሮሲያውያን ገቡ፤ ከቀትር በፊት ያለውን መርጦ ቢሆን ኖሮ እነርሱም አይኖሩ፥ ክርክሩም አይነሣ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ጥበብ እንመለስ። ጦርነትን በሥዕል ማሳየት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓድዋን ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ይታያል፤ ባንድ ወገን አፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፥ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ላይ፤ በሌላው ወገን ኢጣልያኖች ከመድፋቸው ጋር ተሰልፈዋል። ከጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በተወረሰው ሥርዓት፥ የመልካም ሰው ፊት በሙሉ ከሁለት ዓይኖቹ ጋር ይሣላል፤ የክፉ ሰውና የጠላት ፊት ግን በጎን፥ ባንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። የዱቦዎቹ ልጆች ያደረጉት ነገር ከዚህ ሥርዓት ብዙ የራቀ አይደለም፤ ሠዓሊው አንዱን ዓይን ነሣው፤ ልጁ ሁለቱንም ነሥቶ ጠጠር አደረገው። ይህንንም ስንል አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባንድ ወገን ብቻ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ለማስተማር የፈለጉትን በዚህ ብልሃት አስተምረውበታል።

በሠሌዳ ላይ ግን ይህ ብልሃት አይሠራም። ተመልካቹ ዙሪያውን እየዞረ ያያል። ከዚህ ባንድ ዓይን የታየው ሰው፥ ተመልካቹ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ሁለተኛው ዓይኑ ይወጣል። ከኋላው ቢቆምም እርሱ የሚያየውን ያያል፤ ወደርሱ የሚመጣውን ጦር በርሱ ትከሻ ላይ ሆኖ ይመለከታል። ጠላቱን ሳይሠራ ጦርነትን በሠሌዳ ማሳየት የሚችል ሰው የለም።

በአዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይህን ከሸራ ወደ ቅርጽ የመሻገር ጕዞ በአገራችን እንዲታይ አድርጓል። ልጆች ያሏቸው አንባቢዎቻችን ባንድ የዕረፍት ቀን ይዘዋቸው ቢሄዱ፥ ልጆቹ ከሐውልቱ ፊት ብቻ ሳይቆሙ ወደ ኋላው እየዞሩ የሚጠይቁትን ጥያቄ ይሰማሉ።

ብዙ ሰዎች በአንድነት ስለ ሠሩት ሠሌዳ ለመናገር ደግሞ እስከ ኒው ዚላንድ ድረስ መሄድ አለብን። ይህች አገር ከአውስትራሊያ በስተ ምሥራቅ በውቅያኖስ ውስጥ ያለች ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጆቿ ከአውስትራሊያኖችና ከእንግሊዞች ጋር ሆነው በቱርክ አገር በጋሊፖሊ ተዋጉ። በነሐሴ 8 ቀን 1915 ከዌሊንግተን ክፍለ ሀገር የመጣው ባታሊዮን ቹኑክ ባይር የሚባለውን ከፍታ ያዘ። ወደዚያ ከፍታ ከወጡት 760 ያህል ሰዎች መካከል በዚያ ቀን ሳይሞቱና ሳይቆስሉ የቀሩት 70 ያህል ብቻ ነበሩ። አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ማሎንም በዚያው ሞተ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቱርኮች በሙስጠፋ ከማል እየተመሩ ከፍታውን መልሰው ያዙ።

ይህ በሆነ በ100ኛው ዓመት፥ በ2015፥ በዌሊንግተን ከተማ ስለ ታላቁ ጦርነት አንድ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ የሲኒማው ሠሪ ፒተር ጃክሰንም የቹኑክ ባይርን ውጊያ በሠሌዳ አሳየበት። ወታደሮቹን የቀረጹት ፔሪ የሚባሉት የእንግሊዝ አገር መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። የያንዳንዱ ወታደር ቁመት 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከአንድ የአውራ ጣት ርዝመት እምብዛም አያልፍም። ቁጥራቸው ወደ 5,000 ይደርስ ስለ ነበር ቀለም የሚቀባቸው ሰው ማግኘት ችግር ሆነ። ይህን ችግር የፈቱት ደመወዝተኞች አልነበሩም። በመላው አገሪቱ በትርፍ ጊዜያቸው ትንንሽ ወታደሮችን እየቀቡ የሚደሰቱ ሰዎች ነበሩ፤ ከመቶ የሚበልጡትም ያለ ዋጋ እንሠራለን ብለው ወታደሮቹን ተከፋፈሉ። ከዚያም በኋላ የያንዳንዱ ሰው ድርሻ ከሌላው ጋር ተሰብስቦ በተራራው ላይ ቆመ።

ቀለም ቀቢዎቹን እያሰብን አንድ ነገር አስተዋልን። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ ቱርኮች ናቸው። እንግዲህ አያቱ በቹኑክ ባይር የወደቀበት የኒው ዚላንድ ሰው፥ በሌሊት መብራት አጠገብ ተቀምጦ፥ በቀጭን ብሩሽ የቱርኩን ወታደር ጢም፥ የዓይኑን ብሌንና የተቀደደ እጅጌውን ቀብቶ ይሆናል ማለት ነው። ጠላትን ማን ይሠራዋል? ላለው ለዱቦው ልጅ መልሱ ይህ ነው፤ የሟቹ የልጅ ልጅ ይሠራዋል።

ዕድል ደግሞ እንዴት ያለ ቀልደኛ ናት! ከተማውም፥ ባታሊዮኑም ዌሊንግተን ተብለው የሚጠሩት፥ ከዋተርሎ ሠሌዳ ላይ ፕሮሲያውያንን ባስነሣው በዚያው ዱክ ስም ነው። ዐውደ ርእዩ በ2018 መጨረሻ ተዘጋ።

አሁን ወደ ወላይታ እንመለስ፤ ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለርሷ ነውና።

በ1887 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ ወራት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ወደ ወላይታ ዘመቱ፤ ከዚያ በፊት የተላኩት ጦሮች አገሩን ለማስገበር አልቻሉም ነበርና። የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ሕዝባቸውን አስከትተው ተዋጉ። ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። አብዛኛው የወላይታ ተዋጊ የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር፤ የመጣበት ግን ብዙ ጠመንጃ ነው። በታኅሣሥ ወር ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ የወላይታም ነጋሢነት በርሳቸው ተፈጸመ። ዓድዋ ከዚህ በኋላ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር የሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ ዘመቻ ሁለት የጽሑፍ ምስክሮች አሉን። አንደኛው የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል ነው። ሁለተኛው ቫንደርሄም የሚባል የፈረንሳይ ነጋዴ የጻፈው ነው፤ እርሱም ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ጋር ተጕዞ ዘመቻውን በዓይኑ አየ፤ መጽሐፉንም በ1896 በፓሪስ አሳተመ። በእልቂቱ፥ በምርኮኛውና በተነዳው ከብት ላይ ያየውን አልሸሸገም። እነዚህ ሁለቱም ግን ከአንድ ሰፈር ሆነው ያዩ ምስክሮች ናቸው። ከካቡ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያየው ሰው አልጻፈም፤ ለልጁ ነገረው እንጂ።

እንግዲህ አንድ ቀን የወላይታ ልጆች፥ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከሚመጡ ወንድሞቻቸው ጋር፥ ይህን ዘመቻ ለቤተ መዘክር በሠሌዳ ላይ እንሥራ ቢሉ ምን ያስፈልጋቸዋል? እኛ በዚህ ነገር ብዙ ቀን ተጨዋወትንበት፤ ወረቀትም አበላሸንበት።

በመጀመሪያ ልኩን መምረጥ ነው። እንደ ሲቦርን 600ውን አንድ ቢያደርጉት፥ አንድ ኪሎ ሜትር ምድር ወደ 1 ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሶዶ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራም በአዳራሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ሰው 3 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥ። (ሲቦርን ራሱ ሰዎቹን ከምድሩ ልክ አብልጦ የሠራቸው በዚህ ምክንያት ነው።) እንደ ኒው ዚላንዶቹ 32ቱን አንድ ቢያደርጉት ግን፥ አንዱ ኪሎ ሜትር 31 ሜትር ስለሚፈጅ ጦርነቱን ሁሉ ማሳየት አይቻልም፤ አንድ ማእዘን መርጦ ያንን ማሳየት ብቻ ነው። እኛ ብንጠየቅ ይህን ሁለተኛውን እንመርጣለን። ቁመቱ 8 ሜትር የሆነ የወላይታ ትልቅ ቤት 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 5 ሜትር ያለው እንሰት ከስንዝር ያንሳል፤ ሰውም ፊቱ እስኪለይ ድረስ ይታያል። አንድ ቤት፥ የእንሰት ጓሮ፥ አንድ የድንጋይ ካብ፥ አንድ ጥልቅ ጉድባ፤ ይህ ይበቃል።

ዕቃው ከሩቅ አይመጣም። ምድሩ ከራሱ ከቀዩ አፈር፤ የቤቱ ክዳን ከሣር፤ የእንሰቱ ቅጠል ከቀጭን ወረቀት፤ የፈረሱ ጋማ ከቃጫ ይሆናል። ካዎውና መኳንንቱ የሚለብሱት ዱንጉዛ ቀይ፥ ጥቁርና ቢጫ ኅብሩ ተለይቶ ይታወቃል፤ ይህንም በክር ለመሥራት የሸማኔ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሰዎቹ ላይ ግን ከሸክላ ሠሪ በቀር የሚሻል እጅ የለም። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ሰውና አንበሳ እየሠሩ ስማቸው እስከ ውጭ አገር ተሰምቶ ነበር። በወላይታም ማሰሮውንና ገንቦውን የሚሠሩት ሴቶች ጭቃው የት ሲሰነጠቅ፥ የት ሲታዘዝ በጣታቸው ያውቁታል።

እዚህ ላይ አንድ የቈየ ነውር ሳንናገር አናልፍም። በአገራችን በብዙ ቦታ እንደ ሆነው ሁሉ በወላይታም ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ተንቆ፥ ከሌላው ሰው ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀል ኖሯል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው፤ አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን በየመንደሩ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አንደፍርም። ካዎውንና ንጉሠ ነገሥቱን፥ ራሶቹንና ፈረሰኞቹን ከጭቃ የምታስነሣው ሴት በቤተ መዘክሩ ምረቃ ቀን ከበር ውጭ የምትቆም ከሆነች፥ ሥራው ባይጀመር ይሻላል። ስሟ ከቀራጮቹና ከመሐንዲሶቹ ስም ጋር ባንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ሰዓቱን መምረጥ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የውጊያውን ሰዓት ቢመርጡ የሚታየው የሁለቱ ወገን ጀግንነት ነው፤ ተመልካቹም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። በማግስቱ ያለውን ጧት ቢመርጡ ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ የተቃጠለ ቤት፥ በገመድ የታሰሩ ሴቶችና ልጆች፥ የሚነዳ ከብት። ሁለቱም እውነት ናቸው። በቅርብ የምናውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ይህን ስናጫውታቸው «የቀድሞውን ቁስል ስለ ምን ትነካካላችሁ? የዓድዋን ሥሩ፤ ዓድዋ የሁላችን ነው» አሉን። ነገሩን አክብረን ሰማነው፤ የሚሉትም ከፍቅር እንጂ ከክፋት አይደለም። ነገር ግን የዓድዋ ሠሌዳ ቢሠራ ፊቱ በጎን የሚሣለው እንግዳው ነው። በወላይታው ሠሌዳ ላይ ፊቱ በጎን የሚሣለው ማን ነው? በካቡ በወዲህም በወዲያም የቆሙት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ባንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ተጋብተውም ወልደዋል። ልጁ ሠሌዳውን ሲዞር ባንዱ በኩል የእናቱን አያት፥ ባንዱ በኩል የአባቱን አያት ያገኛል። ለዚህ ልጅ ጠጠር አድርገን የምናቆምለት ወገን የለንም።

ከነሐሴ በኋላ ወደ ዱቦ ለሁለተኛ ጊዜ በሄድን ቀን የሲቦርን ጥያቄ በደብተራችን ተጽፎ ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ ሽማግሌ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘን፤ እጅ ነሥተን ተቀመጥን። ቡና ተፈላልን። አያታቸው ዘመቻውን በልጅነታቸው ያዩ እንደ ነበሩ ከሌላ ሰው ሰምተናል። ስለ ጦሩ ብንጠይቃቸው፥ ብዙ ጊዜ የተነገረውን ነገር በጥሩ አነጋገር ነገሩን። ከዚያ በኋላ «አባታችን፥ በዚያ ወቅት በዚህ እርሻ ላይ የነበረው እህል ምን ነበር ይላሉ?» አልናቸው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ስኒያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ልጆቼ፥ ስለ ጦሩ የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው መጥቷል፤ ስለ እህሉ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉና ዓይናቸውን ወደ ማሳው መለሱ። ከዚያም እስከ ማታ ድረስ ነገሩን። ያሉትን ዛሬ አናትመውም፤ የአንድ ሰው ቃል ስለ ሆነ ነው፤ ሲቦርን እንኳ በመቶ የሚቈጠሩትን ጠይቋል። እርሳቸውም ይህን ያወቁ ይመስል፥ ስንነሣ፥ ከወንዙ ማዶ ከርሳቸው በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ባልቴት እንዳሉና «እርሷ ከናቷ የሰማችው ከኔ ይበልጣል፤ ሴቶቹ ያዩትን ወንዶቹ አላዩትም» ሲሉ ነገሩን። መንገዱንም የሚያሳየን የልጅ ልጃቸውን ሰጡን።

በመንገዳችን በዚያ በተጠለልንበት ቤት በኩል አለፍን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ከእንሰቱ ሥር የነበረው የጭቃ ጦር፥ ንጉሡም ጭምር፥ በክረምቱ ዝናብ ሟሙቶ ከመሬቱ ተቀላቅሏል፤ ቀዩ ጨርቅ ብቻ ቀርቷል። ጠጠሮቹ ግን እንደ ተሰለፉ ነበሩ።